የመጨረሻው ፌርማታ

ከፍሪጁ አናት ላይ፣ ከብስኩት ቆርቆሮ፣
ስትመትር ኖረች እናቴ የቤቱን ኑሮ።
አምስት ፖስታ ነበር፣ ጠርዙ የተላጠ፣
ደመወዝ ሲገባ ሆዱ እያበጠ፣
በሃያኛው ዕለት ጎኑ የሰመጠ።
«ኪራይ» ይላል አንዱ፣ «መብራት» ይላል ሌላው፣
«ጫማ» አለ፣ «የዱዋርቴ ጥርስ» አለ፣ ሽቦ የሚበላው፤
አምስተኛው ደግሞ፣ ከሁሉም የቀጠነው፣
«ፈንጠዝያ» ይላል፣ በቀይ የጻፈችው።

እኔ የማየው ግን እሱን ብቻ ነበር፤
ማታ ሁሉ ሲተኛ፣ ከአምፖሉ ሥር፣
ወደ ብርሃን ይዤ የሳንቲም ጥላ ስቆጥር።

ሲኒማ ማክሰኞ ነው፣ ዋጋው ሲገመስ፤
ፋንዲሻ ከቤት ነው፣ በአባዬ ካፖርት ውስጥ ሲተራመስ፤
ሙዚየም በነጻ ቀን፣ መጽሐፍ በውሰት፣
አይስክሬም አንድ ለሁለት፣ ያውም በማንኪያ ስሌት።

ካላንደሩ ደግሞ ከፋርማሲ መጥቶ
በሦስት ቀለም ኖረ፣ ግድግዳ ላይ ወጥቶ፦
ቀዩ የእናቴ ፈረቃ፣ ሰማያዊው የአባዬ፣
አረንጓዴው የእኛ፦ ፈተና፣ ክትባት፣ ዕቃ ማጠቢያዬ።
እሑድ ሁሌ ቀይ ነው።
እናቴ የሴቱባል አውቶቡስ ነጂ ናት፤
ሰው ባሕር ሊዝናና ሲወርድ የምታደርሰው እሷ ናት።

በዚያ በጋ አሰብን ጀልባ ልንሳፈር፣
ከማዶ አሸዋ ላይ አንድ ቀን ልንሰፍር።
ከመጋቢት ጀምሮ ፖስታው ተቀለበ፤
አባዬ ሲጋራውን በቁጥር ገደበ፣
ዱዋርቴ ከየደጁ ጠርሙስ ሰበሰበ፣
እኔም ከአክስቴ ስጦታ ሁለት መቶ እስኩዶ
ጨመርኩኝ፣ እያየሁት፣ እጄ እንደ ድንጋይ ከብዶ።

ነሐሴ ላይ ታዲያ
ልብስ ማጠቢያው አጓራ፣ ዘለለ፣ ተንቀጠቀጠ፣
ውሃውን ወለል ላይ ተፍቶ ተቀመጠ።
አባዬ ፈታታው፤ ብሎኑን በሰሃን ደረደረ፤
ሲገጥመው ሦስቱ ተረፉ፤ ማጠቢያውም ዝም እንዳለ ቀረ።
እናቴ ቆርቆሮውን ከፍሪጁ አወረደች፣
«ፈንጠዝያ»ን ከፍታ፣ ቆጥራ ባዶ አስቀረች፣
ከዚያ በጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፈች፦
«ለሞተር ተበድሬአለሁ። እመልሳለሁ።» ፈረመች።
ለልጆቿ ፈረመች! ባንክ ቤት እንደቆመች!
እኔ ግን ያን ሌሊት ትራሴን ነከስኩት፤
ጀልባውን በሕልሜ ባዶውን ሸኘሁት።

እሑድ፣ ያው ቀዩ እሑድ፣
አባዬ በሰርዲን ዳቦውን ሞላና፣
ብሪቴስን ትከሻው ላይ አወጣና፣
«ተነሡ» አለን። «ወዴት?» «ፌርማታ ነዋ፣ ሌላ ምን አለና!»
ዘጠኝ ቁጥር መጣ። በሩ ተነፈሰ።
«ትኬት?» አለች እናቴ፣ ኮስተር ብላ። አባዬ ኪሱን ዳበሰ።
«የነጂ ቤተሰብ! በነጻ!» ሲል ዱዋርቴ፣
ከት ብለው ሳቁ ሴኞር ቤልሚሮ፤ ሳቀች እናቴ።

ከኋላዋ ተቀምጬ አየኋት ሌላ ሴት፦
ለዓሣ ሻጯ ጡሩምባ፣ ለኩርባው ትንሽ ትዕግሥት፣
ያን የሚያህል ብረት በመዳፏ የምትገራ፣
እቤት የድስት ክዳን ከእጇ የሚሸሽ በየተራ።

የመጨረሻው ፌርማታ፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካው ጀርባ፣
ሃያ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት አላት፣ ሰዓቱ እስኪገባ።
ጫማችንን አውልቀን ከባሕሩ ገባን፣
ከአውቶቡሱ ጥላ ሥር ዘይት የጠጣ ዳቦ በላን።
ጀልባው ከሩቅ አለፈ። ብሪቴስ እጇን አውለበለበች።
እናቴ አባዬ ትከሻ ላይ አራት ደቂቃ ተኛች፤
ማንም ሳይቀሰቅሳት፣ በሰዓቷ ነቃች።

በጥቅምት ዕዳውን ከፈለች፣ ሳንቲም በሳንቲም፤
ፊርማዋን ሰረዘች። «በሉ፣ ከእንግዲህ የማንም ዕዳ የለብኝም።
ምረጡ፤ ጀልባ ነው ወይስ ዘጠኝ ቁጥር?»
ብሪቴስ ለአውቶቡሱ ሁለት እጇን ሰቅላ ስትዞር፣
ዱዋርቴም ተከተላት፣ አባዬም፣ ሳያፍር።
በማግስቱ ሳየው፣ ቀዩ እሑድ ላይ ነበር
አረንጓዴ ጭረት፣ በብሪቴስ ብዕር።

እኔ? እኔ ጀልባ ነው የመረጥኩት።
ሦስት ለአንድ ተሸነፍኩ፤ ኩርፊያዬን ይዤ ተሳፈርኩት።
ከኋላዋ ያለውን ወንበር ግን ለማንም አልሰጠሁት።